አሥራ ሁለት ሜጋ

ከሀዋሳ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ሸራ ወጥሬ
አቤቱታ ስጽፍ፣ ስድስት ዓመት ኖሬ፣
እንዲህ እንደ ዛሬ አላውቅም አፍሬ።

ሽማግሌው ሀመሶ ቆመዋል ከጎኔ፤
የድንበር ጉዳይ ነው። እያዩ ወደ እኔ
«ልጄ፣ ይግባኙ ዛሬ ነው፣ አሥር ሰዓት ሳይሆን»
ይሉኛል። እኔ ደግሞ አንዲት «ለ» ፊደልን
ተጭኜ ቁጭ ብያለሁ፣ እስክትወጣ ድረስ።
ላፕቶፑ ሆዱ ግሏል፤ ቁና ቁና ሲተነፍስ
ከመንገድ ይሰማል፤ ማራገቢያው ያቃስታል።
ምንም ሳልከፍትበት ማን ሥራ አብዝቶበታል?

ቡሪሶን አስጠራሁት ከሞባይል ቤቱ።
ብሎን መፍቻ አልያዘም። ቁልፍ ነክቶ በጣቱ
ዝርዝር አወጣና፣
«ሜሞሪሽ አራት ጊጋ ነው፤
ከመቶው ሰማንያ ሰባቱ ተበልቷል።
አንቺ የከፈትሽው ግን አንድ ወረቀት ነው።»

«ማነው ታዲያ የሚበላው?»
አገጩን ወደ ሐይቁ ቀሰረው።

«አሞራ ገደል ወርደሽ አባ ኮዳን አይተሽ?
መረብ አይጥል፣ አይቀዝፍ፣ አያውቅ ስለ ጀልባ፤
ግን ገና ጎህ ሲቀድ፣ አሣ አጥማጁ ሳይገባ፣
ካፖርቱን ደርቦ፣ አንገቱን ቀብሮ
ቆሞ ነው የሚጠብቅ፣ ድርሻውን ቆጥሮ።
እነዚህም እንዲያ ናቸው፤
ማሽኑ ሲነሣ አብረው ይነሣሉ፣
ምንም ሳይሠሩልሽ ቆመው ይበላሉ።»

ከዚያ በየስማቸው ይጠራቸው ጀመር።

ልጄ ክረምት ላይ ጭኖ የረሳው ጨዋታ፣
ራሱን የሚያድስ ሌሊት፣ ጠዋት፣ ማታ፤
ቀና ብል ሰማዩ ከአናቴ ላይ ሳለ
«ዝናብ ሊመጣ ነው» እያለ የዋለ፤
ሁለት ጸረ ቫይረስ፣ የአንድ በር ዘበኛ፣
አንዱ ሌላውን ሌባ እያለ የማይተኛ፤
ክሮምም አለበት፣ ዘግቼው ያልወጣ፣
እንደዚያ እንግዳ፣ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ
በር ላይ ቆሞ አዲስ ወሬ እንደሚያመጣ።

«ይጥፋ?»
«ይጥፋ።»
«ጠዋትም እንዳይነሣ?»
«እንዳይነሣ።»
ሰባ አንድ። ስልሳ። አርባ አራት።
ማራገቢያው ዝም ሲል፣ የባጃጁን ጩኸት
ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

አንድ ቀረ፣ ከታች።
«ይሄስ? ፕሪንተር ፈላጊ ነው። ፕሪንተርሽ የታለ?»

ዘለቃሽ ጋ ነው ያለ።
አምና ስንለያይ፣ ዕቃውን ተካፍለን፣
እሷ ማተሚያውን፣ እኔ ላፕቶፑን።
አስፋልቱን ተሻግራ ሱቅ ከፍታለች፤
ሰላምታ የለንም፣ በሯ ግን ይታየኛል፣
ስትከፍት፣ ስትዘጋ።
ይሄ ፕሮግራም ግን መለያየታችንን የነገረው የለም።
ማለዳ ይነሣል፤ ወደ ባዶው ቀዳዳ
ጆሮውን ይሰጣል፤ «አለሽ?» ይላል።
ትንሽ ይጠብቃል።
«አለሽ?»

(እኔም በርጩማ የማወጣው ሁለት ነው።
በሁለተኛው ላይ ቦርሳዬ ይቀመጣል።)

«ስንት ይበላል?» አልኩት።
«አሥራ ሁለት ሜጋ። ኢምንት ነው።»
«እንግዲያስ ይቆይ።»
ቡሪሶ ትከሻውን ሰበቀ፤
መቶ ብሩን ይዞ፣ በመጣበት ዘለቀ።

ቦርሳዬን አነሣሁ፤ «አባ፣ አረፍ ይበሉ።»
ፊደሉ እንደ በቆሎ ፈንድሻ ይፈነዳ ጀመር
ከጣቶቼ ሥር፤ ይግባኙ አለቀ፣ ዘጠኝ ተኩል ሲሉ።

የጎረቤቴ ማተሚያ ቀለሙ ደርቋል።
ከወዲያኛው ያለው ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ ሄዷል።
ላፕቶፑን ታቀፍኩት፤ አስፋልቱን ተሻገርኩ፤
ሀመሶ ከኋላዬ፣ ከዘራቸው ቋ፣ ቋ።

ዘለቃሽ ቀና አለች። ምንም አልተናገረች።
ገመዱን አቀበለችኝ፤ ሰካሁት።
ይለፍ ቃል አልጠየቀ፣ ማነሽ አላለ፤
ከጥግ በኩል አንዲት ቃል ብቻ ብቅ አለች፦
«ዝግጁ»።

አምስት ገጽ ወጣ፣ ትኩስ ትኩሱን።
ጠርዙን አስተካክላ፣ መታችው በስቴፕለር።
«ገጹ አምስት ብር ነው» አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ።
«አውቃለሁ» አልኳት፤
«ዋጋውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»